ዘንቧል ያልኩበት ቀን

አንዳንዱን ነገር አሳስቼ ልናገር እችላለሁ፤ ነገሩ ስልሳ ዓመት ሊሞላው ነው። የሾፌራችን ስም ተሰማ መሆኑን አልጠራጠርም፤ መኪናቸው ቀይ ይሁን ሰማያዊ ግን አላስታውስም። በቅርቡ የልጅ ልጄን ላስመርቅ ሰመራ ሄጄ፣ ሻይ ቤት ደጃፍ ላይ ሁለት አፋሮች እጅ ለእጅ ተያይዘው ዳጉ ሲለዋወጡ አየሁ። አንዱ ይጠይቃል፤ ሌላው ከመጣበት አገር ያየውን ዝናብ፣ ሣርና በሽታ በተራ ይናገራል። ሻዬ እጄ ላይ በረደ።

በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሳለሁ፣ የክረምቱን ዕረፍት ገዋኔ አቅራቢያ በአንድ የጥጥ እርሻ ተቀጥሬ ሠራሁ። ሥራዬ ጠዋት ጠዋት የዝናብ መለኪያውን አይቶ መዝገብ ላይ መጻፍ ነበር። ያ ሐምሌ ግን የሚለካ ነገር አላመጣም። ከአጥሩ ውጭ መሬቱ ተሰነጣጥቋል፤ ነፋሱ የአቧራና የበድን ሽታ ይዞ ይመጣል። የአዋሽ ወንዝ ዳርቻ ጥጥ ሳይዘራበት በፊት የአፋሮች የክፉ ቀን ግጦሽ እንደነበር የሰማሁት በኋላ ነው።

አንድ ማለዳ ከጋሽ ተሰማ ጋር ወደ አዋሽ ጣቢያ ተነሣን። ከእርሻው ስንወጣ መንገዱ ርሶ፣ ዳር ዳሩም ለምልሞ አየሁ። ቀትር ላይ ራዲያተሩ ፈልቶ ቆምን። ግራር ሥር አንድ አዛውንት ቅርንጫፍ እየመለመሉ ለከሱ ላሞቻቸው ይጥላሉ፤ ባለቤታቸው ጥጃ ጭናቸው ላይ አስተኝተው ቅጠል በእጃቸው ያጎርሳሉ። አዛውንቱ ሁመድ ይባላሉ፤ አማርኛ የለመዱት አዋሽ ገበያ ፍየል ሲሸጡ ነው። እጄን ያዙ፤ አልለቀቁትም።

“ከየት መጣህ?”

“ከገዋኔ።”

“ምን አየህ?”

“ሁሉም ደህና ነው፣ እግዚአብሔር ይመስገን።”

“ደህና ነው ወይ አላልኩህም። ምን አየህ ነው የምልህ።”

ጋሽ ተሰማ ከሞተሩ ቀና ብለው ሳቁ። “ተወው፣ ሁመድ! ተማሪ ነው፤ ሣር የሚያውቀው መጽሐፍ ላይ ነው።”

ሁመድ አልሳቁም። “ላሞቼ የቀራቸው አንድ መንገድ ነው። ተራራው ላይ ቅጠል አለ፤ ትንሽ ነው። ገዋኔ ከዘነበ ሣር አለ። ሁለቱን መሄድ አይችሉም። ዘንቧል?”

ያደግሁበት ቤት ለተጨነቀ ሰው መልካም ወሬ መንገርን እንደ ጨዋነት ያስተምር ነበር። እርጥቡ መንገድም ትዝ አለኝ። “ዘንቧል” አልኳቸው። ወይስ “የዘነበ ይመስለኛል” ነበር ያልኩት? ትዝታዬ ሁለተኛውን ሊሰጠኝ ይወዳል፤ እኔ ግን አላምነውም።

ከአዋሽ የተመለስኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው። ያ ልምላሜ ባየሁበት ቦታ፣ በሽቦው አጥር ጥግ፣ ላሞች ሞተው ተጋድመዋል። ልምላሜው ጥጥ ነበር፤ እርጥበቱም ከመስኖ ቦይ ሞልቶ የፈሰሰ ውሃ። ከሽቦው ወዲያ ዘበኛ ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። ከወዲህ ሁመድ ብቻቸውን ተቀምጠዋል።

ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሳቸው ግን እንደ ወጉ እጄን ይዘው ዳጉ ነገሩኝ፤ የትኛዋ ላም የት እንደወደቀች፣ ጥጃው ከእናቱ ስንት ቀን በኋላ እንደሞተ፣ ባለቤታቸው ወደ ዘመዶቻቸው እንደሄዱ። አልጨመሩም፤ አልቀነሱም። ሲጨርሱ ቀና ብለው አዩኝ።

“አንተስ፣ ምን አየህ?”

እጄን የለቀቁት እሳቸው ይሁኑ ወይስ እኔ ያስለቀቅሁት፣ ይህንንም አላውቅም።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት አንድ መጽናኛ ነበረኝ። የዚያን ዕለት በጥድፊያ ስለወጣን መለኪያውን አላየሁም፤ ዐይኔ ቢያታልለኝ ምን ላድርግ እል ነበር። ከሰመራ ስመለስ የእርሻው አሮጌ መዝገቦች የተቀመጡበትን ቢሮ አስፈቅጄ ገባሁ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኗል፤ ገጹ ግን አለ። በአስተያየት መስጫው ላይ “ዛሬ ወደ አዋሽ እሄዳለሁ” ይላል። አጠገቡ፣ የዝናቡ መጠን በሚሞላበት ቦታ፣ ዜሮ ተጽፏል። ጽሕፈቱ የእኔ ነው።