በአባቴ ማሳ ውስጥ ያለው ግንብ

ከአገሬ የወጣሁ ዕለት አመሻሽ ላይ አባቴን ለመሰናበት ማሳው ድረስ መሄድ ነበረብኝ። ማሽላው አሽቶ ስለነበር ከርከሮ እንዳይገባበት እዚያው ነበር የሚያድረው። ማሳችን ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ ኮረብታው ሥር ነው። መሐሉ ላይ ማን እንደሠራው የማይታወቅ፣ ግማሹ የፈረሰ የድንጋይ ግንብ አለ። አባቴ ማማውን የሚያቆመው ከዚያ ላይ ነው፤ ድንጋይ ምስጥ አይበላውም ይላል። ተንበርክኬ ጉልበቱን ስሜ ስነሣ ግንቡን በዱላው መታ መታ አደረገና፣

«እንግዲህ ሂጂ። እነዚህም ሄደዋል» አለኝ።

«እነማን ናቸው አባባ?»

«እኔ ምን አውቄ! የነበሩት ናቸዋ።»

ይህን የምጽፍላችሁ ያ ግንብ ሊፈርስ ስለሆነ ነው። ሊያፈርሰው የተነሣውም ታናሽ ወንድሜ ደረጀ ነው።

እኔ ሸዋ ሮቢት ከተማ ውስጥ፣ የደሴ አውቶቡሶች ምሳ ከሚያቆሙባቸው ሆቴሎች በአንዱ አስተናጋጅ ነበርኩ። ሾፌሩ «ቶሎ ቶሎ ብሉ!» ይላል፣ ሰው ይወርዳል፣ በሙቀቱ ያማርራል፣ ይበላል፣ ይሄዳል። በኋላ አካባቢው ታመሰ፣ መንገዱም ተዘጋ፣ ወንበሮቹ ተገልብጠው ጠረጴዛ ላይ ዋሉ። ዕድሜዬን ሙሉ መንገደኛ ስሸኝ ኖሬ አንድ ቀን ራሴ መንገደኛ ሆንኩ። ስለ ሱዳን፣ ስለ ሊቢያና ስለ ባሕሩ አልጽፍም። ያለፈበት ያውቀዋል፤ ያላለፋችሁበት ደግሞ፣ እናቶችም ይህን ስለምታነቡ፣ ይቅርባችሁ።

ጀርመን ገብቼ ጥገኝነት ስጠይቅ ቃሌን የተቀበለኝ ሰውዬ ቀጭን ነው፤ በዚያ ብርድ መስኮቱን ከፍቶ ይቀመጣል። አስተርጓሚው የአዲስ አበባ ልጅ ነው።

«ከሸዋ ሮቢት መሆንሽን በምን እናውቃለን?»

«ሙቀቱን ልንገርዎት?»

«ሙቀት የትም አለ።»

እዚህ የለም ልለው ነበር፤ ተውኩት።

«በአካባቢያችሁ ታሪካዊ ቦታ አለ?»

«የለም። ታሪክ ያለው ጎንደርና ላሊበላ ነው። እኛ ዘንድ ሽንኩርት፣ ፓፓያና ማንጎ ነው ያለው።»

ሰውዬው ኮምፒውተሩን ጠቅ ጠቅ አደረገ። ፊቱ ተለወጠ። «እዚህ ግን የጥንት ከተማ ፍርስራሽ አለ ይላል። እዚያ ተወልዶ ያደገ ሰው እንዴት ይህን አያውቅም?»

ያን ሁሉ በረሃና ያን ሁሉ ባሕር አልፌ በሽንኩርት ልመለስ ነው! ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። የድንጋይ ግድግዳ፣ ከጎኑ ግራር፣ ከሥሩ ፍየል። የእኛው ባይሆን ወንድሙ ነው።

«እንዴ! ይሄማ ማማ የምናቆምበት ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁመኝ! የትኛው ማዕዘን ላይ እንሽላሊት ፀሐይ እንደሚሞቅ፣ የትኛው ጥግ ከሰዓት በኋላ ጥላ እንደሚሆን ነገርኩት። በድንጋዮቹ መሐል ባለው ምርጊት ላይ የአንድ ሰው አራት ጣቶች ጠርገው ያለፉበት ምልክት እንዳለም ነገርኩት። ሕፃን ሆኜ ጣቶቼን ስከትበት ይሰፋኝ ነበር፤ ኋላ ልክ ሆነኝ፤ ከአገር ስወጣ ደግሞ ጠብቦኛል። ሰውዬው መጻፉን አቁሞ ያየኝ ጀመር።

«ታዲያ ለምን የለም አልሽ?»

«እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ታሪክ ነው። ስለ አባቴ ማሳ መች ጠየቁኝ?»

እሱ ነው ያነበበልኝ። በይፋት ቆላ ውስጥ ብዙ መቶ ዓመት ያለፋቸው ከተሞች ነበሩ፤ ሲራራ ነጋዴዎች ወደ ባሕር ሲወርዱና ከባሕር ሲመለሱ ያርፉባቸው ነበር። ያርፉባቸው ነበር ሲል ጆሮዬ ቆመ። ካረፉ በልተዋል። ከበሉ ያበላቻቸው ሴት ነበረች። ያቺ ሴት፣ በዚያው ሙቀት፣ ላቧን በመቀነቷ እየጠረገች «ኑ ግቡ፣ ደርሷል» ስትል ታየችኝ። ሥራዬን ከእኔ በፊት የሠራችው ሰው አገኘሁ ማለት ነው። እኔ ግን ዕድሜዬን ሙሉ ከቤቷ ግድግዳ ላይ ተቀምጬ እግሬን ሳወዛውዝ ኖሬያለሁ።

ወራት አልፈው ወረቀት ሰጡኝ። ከአገሬ በቀር የትም የሚያስኬድ ወረቀት ነው።

አሁን የምኖረው በአንዲት ትንሽ ከተማ፣ ፍራው ሄልጋ በሚባሉ አሮጊት ቤት ነው። አገሩን ብትጠይቁኝ ፀሐይ ትወጣለች፣ ግን ለመታየት ብቻ ነው። ዳቦው ጥርስ ይፈትናል። ጎረቤት ለመጠየቅም «ተርሚን» ያስፈልጋል፤ ቀጠሮ ማለታቸው ነው። እኛ ዘንድ «ቤቶች!» ብሎ ዘው የሚለው ሰው እዚህ ፖሊስ ይጠራበታል። የገባሁ ሰሞን መዶሻ ይዤ ወደ ፍራው ሄልጋ ሄድኩ።

«የማርያምን ሥዕል ልሰቅል ነበር፤ አንዲት ምስማር ልምታ?»

«ናይን! አይሆንም! ግድግዳው ቅርስ ነው! ለማዘጋጃ ቤት ማመልከት አለብሽ።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ሦስት ወር ገደማ።»

«እመቤታችን እስከዚያ የት ትቆይ?»

ፍራው ሄልጋ ከልባቸው አሰቡበት። «ወንበር ላይ አስቀምጫት» አሉኝ። እስካሁን ወንበር ላይ ናት።

ቅር እንዳለኝ ሲያዩ ግን እጄን ይዘው ወደ ወጥ ቤቱ ወሰዱኝና በርጩማ ላይ አቁመው የጣሪያውን ግንድ አስነኩኝ። መጥረቢያ ያረፈበት ቦታ ሁሉ ይዳሰሳል። ማን እንደጠረበው ጠየቅኳቸው። «አይታወቅም» አሉኝ፤ «ግን ክንዱ ሲዝል እዚህ ጋ አርፏል፣ አየሽ? ከዚህ በኋላ ምቱ ይበረታል።» እኒህ አሮጊት ስሙን የማያውቁትን ሰው ድካም በጣታቸው ያውቁታል። እዚያው በርጩማው ላይ ቆሜ እንባዬ መጣ። የእኛ ምርጊት ላይ ጣቱ ያለፈውም ሰው ደክሞት ነበር፣ እርቦት ነበር፣ ምናልባት ልጁ ከኋላው ታለቅስ ነበር። ይህ ሁሉ ዘመን ሲያልፍ ለእኔ የደረሰችኝ ይህች አሁን ያለሁባት ቀን ናት። ፈራኋት፤ ወደድኳትም።

በዚያው ሰሞን ነው ደረጀ ደውሎ የነገረኝ። የእንጨት ቤቱን ምስጥ ጨርሶታል። የድንጋይ ቤት ሊሠራ ነው፤ የተጠረበ ድንጋይ ከማሳችን መሐል ቆሞ እያለ ሌላ ምን ይፈልጋል? ዲጂኖም ተውሷል። እኔ እዚህ ምስማር ተከልክዬ እሱ እዚያ ዲጂኖ ይዟል።

«ደረጄ፣ ተው! ያ እኮ የሰው ቤት ነው።»

«እታለም፣ እናንተ አገር ምስጥ አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው አይፈረድብሽም። እነሱ ሞተዋል፤ የእኔ ልጆች አልሞቱም። ዝናብ በመጣ ቁጥር ምሰሶው ሲንቋቋ የምነቃው እኔ ነኝ።»

ልጆቹ ሁለት ናቸው፤ ትንሿን እስካሁን በስልክ ብቻ ነው የማውቃት። ዘግቼ ስብሰለሰል ሰነበትኩና እሑድ ዕለት በደረጀ ስልክ አባቴን አስጠራሁት። በስልክ ሲነጋገር ጀርመን ድረስ በድምፁ የሚደርስ ይመስለዋል።

«ሃሎ! ሃሎ! ደኅና ነሽ ወይ ልጄ!»

«ደኅና ነኝ አባባ። ስለ ግንቡ እርስዎ ምን ይላሉ?»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የሠራው ሰው ለልጆቹ ነው የሠራው። ደረጀም ለልጆቹ ነው የሚያፈርሰው። በማን ልፍረድ? ብቻ ነግሬዋለሁ። እኔ እስካለሁ አይነካም። ከእኔ ወዲያ እንደ ፍጥርጥሩ።»

ተርፏል ብዬ «ተመስገን!» አልኩ። ወዲያው አባቴ አሳለው፤ ረጅም ሳል ነበር፤ ደረጀ ከጎኑ «ውኃ አምጡ» ሲል ሰማሁ። ያን ጊዜ የተባልኩት ገባኝ። ስንቱ ንጉሥ ሲመጣና ሲሄድ ያልወደቀው ግንብ አሁን የቆመው በአንድ ሽማግሌ ትንፋሽ ነው።

«ዕድሜ ይስጥዎት አባባ» አልኩት። ሆቴል ቤት የሒሳቡን መልስ ለተወልኝ መንገደኛ ሁሉ ስለው የኖርኩት ቃል ነው። ያን ዕለት ግን ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ከበደኝ።

«አሜን፣ አሜን» አለና፣ «አንቺስ መቼ ነው የምትመጪው?» አለኝ።

ዘጋሁት። ኔትወርክ ነው ይላል ብዬ።