ምስጢር ጠባቂ፣ አምስተኛ ደረጃ

ዓመቱን በትክክል አላስታውስም። የቀበሌ ጥበቃዎች ጠመንጃ ይዘው በሰፈራችን መዞር ከጀመሩ በኋላ መሆኑን ግን አልስትም፤ ዕድሜዬም ያኔ ከዐሥር ብዙ አይዘልም ነበር። ነገሩን የቀሰቀሰችብኝ የልጄ ልጅ ናት። ባለፈው ሳምንት፣ እዚሁ ኮምቦልቻ ቤታችን ውስጥ፣ ኮምፒውተሯ ላይ ተጥዳ የጨዋታ ጀግኖች፣ አንዱን ጎራዴ የታጠቀ፣ አንዱን በትር የያዘ አስማተኛ፣ አንዷን ቁስል የምታድን እየደረደረች «አባባ፣ እርስዎ ከነዚህ የቱን ይሆናሉ?» አለችኝ። ጀማሪው ምንም እንደማይችል፣ እየታገለና እየወደቀ ችሎታው እንደሚጨምር፣ ደረጃውም እንደሚያድግ ቀስ ብላ አስረዳችኝ። ጨዋታውን እንደማውቀው አልነገርኳትም። መነጽሬን እንደሚፈልግ ሰው ሆኜ ተነሥቼ ወጣሁ።

እኛ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ይህንኑ በእግራችንና በድንጋይ እንጫወተው ነበር። የፈጠረው ሰይድ ነው፤ የጎረቤታችን የልብስ ሰፊው ልጅ፣ ከሁላችንም በአራት በአምስት ዓመት የሚበልጥ፣ ቀጭን፣ ጽሕፈቱ እንደ መምህር የሚያምር። ጦሳ ተራራ ዋሻ ውስጥ ዘንዶ ተኝቷል ይለናል፤ ጭጋጉ ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው የዘንዶው ትንፋሽ ነው፣ እርሱን ለመግደል ደግሞ አንድ ሰው አይበቃም፣ እያንዳንዱ ሙያ ሊኖረው ይገባል። ጦረኛው በሠላሳ እርምጃ ርቀት የቆመ ጣሳ በድንጋይ ይመታል። መንገድ መሪው ውሻ ሳያስጮህ ሰፈሩን ዞሮ ይመጣል። ወጌሻችን ዘሪቱ የምትባል ፊተ ክብ ልጅ ነበረች፤ ዓይኗን ተሸፍና ዳማ ከሴን ከሌላው ቅጠል በማሽተት ትለያለች፣ አንድ ጊዜ ተሳስታ የሰጠችንን አኝከን ግን ሦስት ልጆች ሙሉ ቀን ስንተፋ ውለናል።

የኔ ምኞት ጦረኛ መሆን ነበር። ድንጋዬ ጣሳውን ትቶ የሰው ዶሮ እየመታ ስላስቸገረ ሰይድ ምስጢር ጠባቂ አደረገኝ። የምስጢር ጠባቂ ልምምዱ ዝም ማለት ነው። ልጆቹ ከበው ብብቴን ይኮረኩሩኛል፣ እግሬን በሳማ ይለበልቡኛል፣ «የዋሻው በር የት ነው? ተናገር» ይሉኛል፤ እኔ እንባዬ እየወረደ ጥርሴን እነክሳለሁ። በቻልኩ ቁጥር ሰይድ ደብተሩን አውጥቶ ደረጃዬን ከፍ ያደርጋል። እዚያ ደብተር ላይ በስማችን አልተጻፍንም፤ ለሁላችንም የጨዋታ ስም አውጥቶልን ነበር፣ የኔ «አለት» ነው። አምስተኛ ደረጃ ስደርስ የሚስተካከለኝ ጠፋ። ትምህርት ቤት ሁልጊዜ ከመጨረሻዎቹ ጋር ለሚቆጠር ልጅ ይህ ቀላል ነገር አልነበረም።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ የቀበሌው ጥበቃ ጠራኝ። ደብተሩን ከምንጫወትበት የድንጋይ ካብ ሥር አግኝተውታል። በስሙ ሳይሆን በሌላ መጠሪያ፣ በሙያና በደረጃ የተደረደረ ሰው፣ በዚያ ዘመን የስውር ድርጅት መዝገብ እንደሚመስል ትልልቆቹ ያውቁ ነበር፤ እኔ አላወቅሁም። ሰውየው አግዳሚ ላይ አስቀምጦ ሻይ በብርጭቆ፣ ዳቦ ከነትኩሳቱ አቀረበልኝ።

«እንዴት ያለ ጽሕፈት ነው» አለ ደብተሩን እየገለጠ። «ጎበዝ ልጅ ነው የጻፈው። ማን ነው?»

«ሰይድ ነው» አልኩት።

«አለቃችሁ እሱ ነው?»

«አዎ፣ ሙያ የሚሰጠን እሱ ነው።»

«ያንተስ ሙያ ምንድን ነው?»

«ምስጢር መጠበቅ» አልኩት። ሳቀና ስኳር ጨመረልኝ።

ለሳማ አፌን ያልከፈትኩት ልጅ፣ ሰው በፍቅር ሲያናግረኝ ሁሉን ዘረገፍኩት። አንድም ቀን በሻይ አልተለማመድንም ነበር። ዘንዶውን ልንገድል መሆኑን ስነግረው ሳቁ ቀረ፤ «ዘንዶው ማን ነው?» እያለ ደጋግሞ ጠየቀኝ። ዘንዶ ነው ብል አላመነኝም። አንድ ባለሥልጣን ማለታችን መስሎት ነው።

በማግስቱ ሰይድን ከቤቱ ወሰዱት። እናቱ ስንቅ ሲያመላልሱ ከረሙ። አንድ ጠዋት ስንቁን መልሰው ከእንግዲህ እንዳያመጡ ነገሯቸው፤ ለቅሶ መቀመጥም ተከለከለ። ዘሪቱን ወላጆቿ ቢስቲማ አያቷ ዘንድ ላኳት፣ ዳግም አላየኋትም። እኔን የጠየቀኝ የለም። ብቻ ክፍል ውስጥ መምህሩ «ማን ነው?» ባሉ ቁጥር ደብተሬን ሰብስቤ መውጣት ጀመርኩ፤ በዚያው ከአምስተኛ ክፍል ቀረሁ።

ሥራ ፈትቼ ስዞር አንድ ቀን የሰይድ አባት ከስፌት መኪናቸው ላይ ሆነው ጠሩኝ። «ና እስቲ፣ ይችን መርፌ ክተትልኝ፤ ዓይኔ እምቢ ብሎኛል» አሉኝ። ከተትኩላቸው። በማግስቱም ጠሩኝ። መጀመሪያ ቁልፍ አስተከሉኝ፣ ቀጥሎ እጥፋት አሰፉኝ፣ ክረምቱ ሲወጣ ሱሪ አስቆረጡኝ። አንድ ቀን መቀሱ በእጄ እንዳለ አልቻልኩም፤ «ጋሼ፣ በሰይድ ላይ የተናገርኩት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እግራቸው የመኪናውን ፔዳል መርገጥ አላቆመም። «አውቃለሁ» አሉ። «ሊይዙት የመጡ ለት ነግረውኛል። ሕፃን እንደነበርክ አላህም ያውቃል። ጨርቁን ወጠር አድርገህ ያዘው።»

ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። አንዳንድ ቀን ሥራ ላይ ሆነው ይዘነጉና «ሰይድ» ብለው ይጠሩኛል፤ «አቤት» ብዬ የሚፈልጉትን አቀብላቸዋለሁ፣ ሁለታችንም ቀና አንልም።

በዚያ መቀስ ኮምቦልቻ ወርጄ ልጆቼን አሳደግሁ። ሰይድ ቢኖር ኖሮ ዛሬ ከኔ ይልቅ የሸመገለ ሰው በሆነ ነበር፤ ያ እጅ ምን ምን ይጽፍ እንደነበር የሚያውቅ የለም፣ መቃብሩንም እስከዛሬ ያሳየን የለም። ወላጆቹ ሌላ ልጅ አልወለዱም። እኔን ከዚያ ሁሉ ያወጡኝ አባቱ ናቸው፣ ልብስ ሰፊው እንድሪስ ይመር።