የጃፓኑ ጠረጴዛችን

ታላቅ እህቴን ሽማግሌ ሊጠይቃት መሆኑ በተሰማ ሰሞን የእናቴ ትልቁ ጭንቀት አማቿ አልነበረም፤ የሳሎን ጠረጴዛ ነበር። መርሳ፣ ከዋናው መንገድ ዳር ባለው ቤታችን ውስጥ የነበረችው ጠረጴዛ አንድ እግሯ አጥሮ ከሥሯ የታጠፈ ካርቶን ይደረግላት ነበር። ሰው ክርኑን ሲያሳርፍባት ወደ አንድ ወገን ታደላለች። እናቴ አየቻትና «ይቺን ያዩ ሽማግሎች ልጅቷም እንዲሁ ናት ይላሉ» ብላ ደመደመች።

እህቴ ለጠረጴዛው ደንታ አልነበራትም። የሚያስፈራት አባታችን ነበር። አባቴ ዕድሜውን በጭነት መኪና ላይ የጨረሰ ሾፌር ነው፤ መንገድ ላይ ይቸኩላል፣ ቤት ሲገባ ግን ምንም ነገር በአንድ ቀን አይወስንም። በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል አባት ልጁን ያራከሰ ይመስለዋል። ስለዚህ ሽማግሎቹን አንዴም ሁለቴም «እንመካከርና ተመለሱ» ሊላቸው ነው። እነሱ ሲመላለሱ ጥር ያልፋል፣ ሁዳዴ ይገባል። እጮኛዋ ደግሞ ሲሪንቃ እርሻ ምርምር የሚሠራ ረጋ ያለ ልጅ ሲሆን፣ በየካቲት ለትምህርት ሩቅ ሊሄድ ነው። ክልል ከተባለ ዓመታት ቢያልፉም አባቴ «ሌላ ክፍለ ሀገር ሊሄድ ነው» ይል ነበር፣ ልክ ባሕር እንደሚሻገር አድርጎ።

«ቀጠሮ ከሰጣቸው አለቀልኝ» ትለኝ ነበር እህቴ።

እኔ በዚያን ጊዜ ገጣሚ ነበርኩ። ያስተማረኝ ሰው ስለሌለ የሚያርመኝም አልነበረም። ሥራዬ መርሳና ወልድያ መመላለስ፣ ሰው ማየትና ቪዲዮ ቤት መግባት ነበር። አንድ ቀን በአንድ የካራቴ ፊልም ላይ ሽማግሌው ጃፓናዊ ከጉልበት በታች በሆነች ጠረጴዛ ፊት ተንበርክኮ ሻይ ሲጠጣ አየሁ። ቪዲዮ ቤቱ ሙሉ ሰው ድብድቡ እስኪጀመር ይቁነጠነጣል፤ እኔ ዓይኔን ከጠረጴዛዋ መንቀል አቃተኝ። እንዲህ ያለች ጠረጴዛ ብትኖረኝ የምጽፈው ግጥም ታየኝ።

ማታ እራት ላይ «የጃፓን ጠረጴዛ እናሠራ» አልኩ።

አባቴ ቀና አለ። «ጃፓን?»

ሾፌር ዘንድ ጃፓን አገር አይደለም፤ ማዕረግ ነው። የማይሰበር፣ የማይሰነጠቅ፣ አቀበት ላይ የማይለግም ነገር ሁሉ ጃፓን ነው። አባቴ በግራና ከተማ ገበያ ያያትን በቅሎ እንኳ «ጃፓን ናት» ሲል በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

«ባለ መስታወቱስ? ወልድያ አሁን ሁሉም ሳሎን ያለው እሱ ነው» አለች እናቴ።

«መስታወት ቻይና ነው» አላት፣ ነገሩም በዚያው ተዘጋ። አባቴ ባንድ ምሽት ሲወስን ያየሁት ያኔ ነው። እህቴ በቅናት ጠረጴዛውን ልትረግመው ምንም አልቀራት።

በማግስቱ እኔና አባቴ ለየብቻችን አናጺው ዘንድ ሄድን። አባቴ «ጃፓን አድርገህ ሥራልኝ» አለው። እኔ ደግሞ «ዝቅ ይበል፣ ከጉልበት በታች» አልኩት። አናጺው ትሑት ሰው ነውና ሁለታችንንም አከበረ። የሠራው ነገር በጋሪ መጥቶ ሁለት ጎረምሳ እያቃሰተ አወረደው። የዋንዛ ነው፤ ገጹ እንደ በር ሰፊ፣ እግሮቹ እንደ ሙቀጫ ወፍራም፣ ቁመቱ ግን ከሁለት ስንዝር አይዘልም።

እናቴ ዞረችው። «እግሩስ? በሌላ ጋሪ ነው የሚመጣው?»

«ይኸው ነው እትዬ» አለ አናጺው፣ «ልጅሽ ያዘዘኝ ነው።»

ጃፓኖች ትራስ አንጥፈው መሬት ላይ እንደሚቀመጡ ላስረዳት ሞከርኩ።

«ማን ሞቶባቸው?» አለች።

«ኧረ ማንም አልሞተባቸውም፤ ባህላቸው ነው።»

«እኛ ቤትም ማንም አልሞተም። በልጄ ሽምግልና ቀን ለቅሶ አላስቀምጥም!»

አባቴ የጠረጴዛውን እግር በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገው፣ ጎማ እንደሚፈትሽ። መናኸሪያው በሙሉ ጠረጴዛ እያሠራ መሆኑን ሰምቷል፤ መመለስ የማይታሰብ ነው። «ጃፓን ነው» አለና ወጣ።

እናቴን ያስታገሰቻት እንደ እህቷ የምታያት እስላም ጎረቤታችን ናት። መጥታ አየችውና ሳቀች። «እኛ ዱዓ ስንቀመጥ የት ነው የምንቀመጠው? ወላሂ፣ ጃፓን ይሄን ከኛ ወስዶት ነው። አብሽሪ እቴ፣ ጨርቅ አልብሺው፣ ወንበር እኔ አመጣልሻለሁ።» አንድ ጥለት ያለው ወፍራም ጨርቅና ስድስት ወንበር አመጣች። ጨርቁ ጠረጴዛውን እስከ መሬት ሸፈነው። ወንበሮቹ በግድግዳው ጥግ ተደረደሩ።

እህቴ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም አየችና ወደ እኔ ዞረች። «ግጥምህ ቤት አይመታ፣ ጠረጴዛህ ጉልበት አይደርስ። ምን ተሻለህ አንተ ልጅ?»

በገና ጾም፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስት ሽማግሎች መጡ። ትልቁ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረዱ፣ ሙሉ ጋቢ የለበሱ፣ ረጅም አባት ናቸው። እንደ ወጉ አንቀመጥም አሉ። «ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን ደጅህ መጥተናል» አሉት ቆመው።

አባቴም በወጉ፣ «እሱን እንነጋገራለን፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አለና በእጁ ወደ ቤቱ ውስጥ አመለከተ። ወደ ወንበሮቹ ማለቱ ነበር።

ትልቁ ሽማግሌ ዞር ዞር ብለው አዩ። በግድግዳው ሥር ቀጫጭን ወንበሮች አሉ። በመሐል ቤቱ ደግሞ ሰፊ፣ ዝቅ ያለ፣ ጥለት ያለው ጨርቅ የለበሰ ነገር አለ። ደገኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲያይ ስሙን ለመጠየቅ አይቸገርም፤ መደብ ነው። ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። ሌሎቹ ሁለቱም ተከትለው ግራና ቀኝ ተቀመጡ።

የአባቴ እጅ ወደ ወንበሮቹ እንዳመለከተ ቀረ። እኔ በጓዳው መጋረጃ አጠገብ ቆሜ ነበር። ከመጋረጃው ኋላ የእህቴ ጥፍር ክንዴ ውስጥ ገባ፤ የእናቴ ድምፅ ደግሞ «ኧረ እንዳትናገሩ» ሲል ተሰማኝ። ሽማግሌን፣ ያውም ለልጅ ጥያቄ የመጡትን፣ «የተቀመጡት ገበታ ላይ ነው» የሚል ማን ነው?

አባቴ ያዘጋጀውን ጀመረ። «እንግዲህ ዘመድ አለ፣ አበልጅ አለ፣ ከነሱም ጋር ተማክረን…»

«ልጄ» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ ከጨርቁ ሥር ያለውን እንጨት በመዳፋቸው ቸብ ቸብ እያደረጉ። «ለሽምግልና ብዙ ቤት ገብቻለሁ። ሁሉም ወንበር ይሰጠናል፤ ወንበር ከጎረቤትም ይመጣል። ለሽማግሌ ብሎ አዲስ መደብ ያስጠረበ ሰው ግን እስከ ዛሬ አላየሁም። ቀለሙ እንኳ ገና ይሸታል። እንዲህ አድርጎ የሚያስቀምጥ ሰው ሊመልሰን አስቦ አይደለም።»

«እውነት ነው» አሉ የግራው። «ምን ይመልሰናል!» አሉ የቀኙ።

አባቴ መጀመሪያ ጠረጴዛውን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔን ያየበትን ዓይን ባልተርከው ይሻላል። «እንመካከር» ቢል፣ ያ ሁሉ ክብር ለእናንተ አልነበረም ማለት ይሆንበታል። መደብ አይደለም ቢል ደግሞ ሽማግሎቹን ማዋረድ ነው። ግንባሩን በእጁ አበሰ።

«መደቡ…» አለ። «መደቡ ለእናንተው ነው የተሠራው። በጥር ይሁን።»

ሽማግሎቹ ተነሥተው መረቁና ተመልሰው እዚያው ተቀመጡ። ምግብ መቅረብ ነበረበት፤ የሚቀርብበት ግን ተይዟል። እናቴ አንድ ጊዜ ብቻ በቁጣ አየችኝና የጎረቤቷን ወንበሮች ጎትታ በፊታቸው ደረደረች፤ የጾም ወጡን ከነትሪው በወንበሮቹ ላይ አስቀመጠች። በዚያ ቀን በመርሳ እንግዳ ጠረጴዛ ላይ፣ ምግብ ወንበር ላይ የተቀመጠው እኛ ቤት ብቻ ሳይሆን አይቀርም።

እህቴ የእጅ ውኃ ይዛ ወጣች። ነጠላዋን እስከ ግንባሯ አውርዳዋለች፤ ፈገግታዋን ግን ነጠላ አልሸፈነውም። ትልቁ ሽማግሌ እጃቸውን ዘረጉ፣ ታጠቡ፣ አራገፉ። እሷ ግን ሐሳቧ ጥር ላይ ነበርና ማፍሰሷን አላቆመችም።

«በቃኝ ልጄ» አሉ።

ውኃው ይወርዳል።

«ልጄ፣ እጄ እኮ ጠራ፤ ለነዚህም ውኃ ይትረፍላቸው።»

አሁንም ታፈስላቸው ነበር።