ጋሽ ሺገዞ ያሳዩዋት ዛፍ

ኡያንጋ ወደ መንደራችን የመጣችው የመንገድ ዳሩ በረዶ ቀልጦ ሳያልቅ ነው። አገሯ ሞንጎልያ ነው፤ የመጣችው ደግሞ ከሸለቋችን በታች ባለው ዩኒቨርሲቲ ግብርና ልትማር። የተማሪዎች ማደሪያ ሞልቶ ስለነበር ጋሽ ሺገዞ ፎቅ ላይ ያለችውን የልጃቸውን ክፍል ለቀቁላት። ልጃቸው ከተማ ገብቶ ከቀረ፣ ሚስታቸውም ከሞቱ ወዲህ የዚያች ክፍል መስኮት ተከፍቶ ያየሁት ያኔ ነው። ሰውየው ከሰው የማይገጥሙ፣ ሰላምታ እንኳ የሚቆጥቡ ናቸው። ልጅቷ አንድ ወር አትቆይም ብዬ ነበር።

ቆየች። እኔ ከቤታቸው ፊት ለፊት ሾርባና ኑድል የምሸጥባት ጠባብ ቤት አለችኝ፤ ማታ ማታ እየመጣች ሳህን ታጥብልኝ ነበር። ጃፓንኛዋን ከመጽሐፍ ስለተማረችው ስታወራ ሬዲዮ ዜና የሚያነብ ይመስላል። ኩማጋይ የሚባለው የእሳት አደጋ በጎ ፈቃደኞቻችን አለቃ፣ ምላሱ የማያርፍ ሰው፣ በገባ ቁጥር «ዛሬስ የአየር ሁኔታው እንዴት ነው ይላሉ?» እያለ ያበሽቃታል። እሷም ኮስተር ብላ «በተራራማ አካባቢዎች ዝናብ ይጠበቃል» ትለዋለች። ቤቱ በሳቅ ይሞላል። ጠዋት ጠዋት ብስክሌቷን እየገፋች ስትወጣ የጋሽ ሺገዞን ቆሻሻ ይዛ ነው፤ የሚቃጠለውን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ። ሰውየው በሕይወታቸው ለይተው የማያውቁትን ቆሻሻ እሷ ለየችላቸው። በበጋው መጨረሻ እሳቸውም «አባባ» ስትላቸው ወይ ይሉ ጀመር፤ ለሚስታቸው እንኳ ወይ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።

ያ መኸር ገና ከመግባቱ ደስ አላለኝም። ተራራው ፍሬ አልሰጠም። ድቦች የሚበሉት ፍሬ በዛፉ ላይ ሳይኖር ሲቀር ወዴት እንደሚመጡ እዚህ የተወለደ ሁሉ ያውቃል። የማዘጋጃ ቤቱ ድምፅ ማጉያ በየጠዋቱ ድብ የታየበትን ሰፈር መጥራት ጀመረ፤ መጀመሪያ ግድቡ አካባቢ፣ ቀጥሎ የሩዝ ማሳው ጫፍ፣ ቀጥሎ ከትምህርት ቤቱ ኋላ። አንድ ጠዋት ጓሮዬ ያለው ካኪ የሚባል የፍራፍሬ ዛፍ ቅርንጫፉ ተገንጥሎ፣ ፍሬው ተረግጦ አገኘሁት። ግንዱ ላይ ያለውን ጭረት አይቼ ወደ ቤት ገባሁና በሩን ቆለፍኩ። ከዚያ ወዲህ ዝናብ ጣራውን ሲመታ እንኳ ልቤ ይሸበር ነበር።

ተራራ የሚወጣ ሰው ጠፋ። ለእንጉዳይ ነፍሱን የሚሰጠው ኩማጋይ እንኳ ቅርጫቱን ሰቀለ። ጋሽ ሺገዞ ግን እሁድ እሁድ ልጅቷን በትንሿ ጭነት መኪናቸው እየጫኑ መውጣት ያዙ። አንዴ ሐይቁ ዳር ቀይ ቅጠል ሊያሳዩዋት ነው ይባላል፣ አንዴ ፍል ውኃ። ስትመለስ ፊቷ ፈክቶ ነው። ጫማዋ ላይ የተለጠፈው ጭቃ ግን የሐይቅ ዳር ጭቃ አይደለም፤ አየሁት፣ ዝም አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። በእኛ ሸለቆ ማይታኬ የሚባለው ትልቁ እንጉዳይ የሚበቅልበትን ዛፍ ሰው ለወለደው ልጅ እንኳ አያሳይም። አባት ሞቶ ልጅ ዛፉን ሲፈልግ ያረጀበትን ቤት አውቃለሁ። ሰዎቹ መኪናቸውን ሆን ብለው ከሥፍራው ርቀው ያቆማሉ፣ ተከታይ እንዲሳሳት። ወደ ዛፉ ሲቃረቡ ደግሞ ድብ እንዲሸሽ የሚያንጠለጥሉትን ቃጭል ሣር ጠቅጥቀው ዝም ያሰኙታል፣ ሌላ ለቃሚ እንዳይሰማቸው። ድብ ይሻላል ከጎረቤት ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ይህን ሳይ እብደት ነው እላለሁ፤ የሚሰማኝ የለም።

ኡያንጋ ኋላ እንደነገረችኝ፣ ጋሽ ሺገዞ መኪናቸውን ግድቡ ጋ ያቆሙና በመጡበት መንገድ በእግር ይመለሳሉ። ከዚያ ጥድ ውስጥ ይገባሉ፣ ወንዝ ይሻገራሉ፣ ተመልሰው ያንኑ ወንዝ ይሻገራሉ። እሷ ጫካ ያስጨንቃታል። «እኛ አገር እንግዳ ሲመጣ ገና ከሩቅ አቧራው ይታያል፤ እዚህ ምን እንደቆመብኝ እንኳ አላይም» ትል ነበር። ቢሆንም ተከተለቻቸው። አንድ ግዙፍ አሮጌ ዛፍ ሥር ሲደርሱ እንጉዳዩ የድስት ክዳን አክሎ ተዘርግቶ ነበር። ጋሽ ሺገዞ ተንበርክከው ቆረጡት፣ ግማሹን ለእሷ ሰጧት። ከዚያ ትንሿን ጣታቸውን ከእሷ ትንሿ ጣት ጋር ቆልፈው፣ ልጆች እንደሚማማሉት፣ ለማንም እንዳትናገር አስማሏት። «ልጄም ይህን አያውቅም» አሏት። ልጅቷ አባቷን በልጅነቷ ያጣች ናት። ያን ቃል እንዴት አድርጋ እንደያዘችው መገመት አያቅትም።

መሐላውን ለማጽናት አንድ ታሪክም ነገሯት። በወጣትነታቸው አንድ ለቃሚ አመሻሽቶ ሲቀር ሚስቱ ደንግጣ ቦታውን ለፈላጊዎች ተናገረች፤ ሰውየውን ዛፉ ሥር ሳኬውን፣ የሩዝ አረቄውን፣ ጠጥቶ ተኝቶ አገኙት። በዓመቱ እንጉዳዩን ሌሎች ቀድመው ለቅመውት ለእሱ የተረፈው ግንዱ ብቻ ነው። የዚያች ሴት ስም እስከ ዛሬ የወሬኛ መጠሪያ ነው። ታሪኩ እውነት ነው፤ ሴትየዋ አክስቴ ነበረች።

በጥቅምት መጨረሻ ዩኒቨርሲቲው የውጭ ተማሪዎችን ሰብስቦ በአውቶቡስ ቀይ ቅጠል ሊያሳይ ወሰዳቸው። ያ ቀን እሁድ ነበር። ኡያንጋ ልቅር ስትላቸው ጋሽ ሺገዞ ሂጂ፣ ወጣት ከወጣት ጋር ነው የሚያምርበት ብለው እንደ መቆጣት አሉ። እሷ በአውቶቡስ ሄደች። እሳቸው ለብቻቸው በመኪናቸው ሄዱ። ሲወጡ መስኮቴ ላይ ሆኜ አይቻቸዋለሁ፤ ጭጋጉ ገና ከጣራ አልተነሳም ነበር፣ የመኪናውን የኋላ መብራት ወዲያው ዋጠው።

እሁድ ምሳ እኔ ጋ ነው የሚበሉት፣ ሰማይ ቢደፋ አይቀሩም። ሾርባው ቀዘቀዘ። ደጋግሜ በር ላይ ወጥቼ አየሁ። በሌላ ዓመት ቢሆን እንደ አክስቴ ወሬኛ ከምባል ሾርባውን ባፈሰው ይሻለኝ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ድቡ አለ፣ ለመንደሩ ፖሊስ ደወልኩ። መኪናቸው ግድቡ ጋ ቆሞ ተገኘ። ኩማጋይ ሰዎቹን ሰብስቦ ግድቡን ዙሪያውን ፊሽካ እየነፉ ያስሱ ጀመር።

ኡያንጋ ከአውቶቡስ ስትወርድ በእጇ የባቄላ ጣፋጭ ይዛ ነበር፣ ለእሳቸው የገዛችው። ፖሊሱ ገና ወጣት ነው፣ ለማንም ቁጣ አያውቅም። እሁድ እሁድ ወዴት እንደሚሄዱ ጠየቃት። አላውቅም አለችው። እንደገና ጠየቃት፣ ቅጠል ለማየት ነው የምንወጣው አለች። ይህን ስትል አንድ እጇ የሌላውን እጇን ትንሿን ጣት ጨብጦ ነበር። ኩማጋይ ከግድቡ ወርዶ ውኃ ሲጠጣ ወደ እሷ ሳያይ «ሽማግሌው የሆነ ቦታ ተጋድሞ ይስቅብናል» አለ። ያ ነገር ያጽናናት መሰለኝ። ወደ ቤት ገብታ ምድጃውን አነደደች፣ ሲመጡ እንዳይበርዳቸው ብላ።

ፀሐይ ተራራው ላይ ስትደገፍ ድምፅ ማጉያው ተከፈተ። ግድቡ አካባቢ ግልገል ያላት ድብ ታይታለች፣ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ አለ። ፈላጊዎቹ ወደ ታች ተጠሩ። ያኔ ኡያንጋ በኩሽናዬ በር ገባች። ጫማዋን እንኳ በትክክል አላደረገችም።

«እትዬ ሚቺዮ» አለችኝ፣ «ሰው የማለውን ቢያፈርስ እዚህ አገር ምን ይባላል?»

«ለማን ነው የማልሽው?»

«ለአባባ። ዛፉን ላልናገር።»

ምድጃውን አጠፋሁ። «ምን ይባላል እያልሽ ነው? ሰውየው ሞተው ቢገኙስ ምን ይባላል? ተነሽ» አልኳት። ክፉ አነጋገር ነበር፤ ልጅቷ ግን አላለቀሰችም፣ ከእኔ ቀድማ ወጣች።

ፖሊሱ ሊከለክል ሞከረ። ኩማጋይ መብራቱንና ጠመንጃ ያለውን አንድ አዳኝ ይዞ ተነሳ፣ እኔም ተከተልኩ፤ ቅሪ እንዳይሉኝ አልጠየቅኳቸውም። ጥድ ውስጥ ስንገባ መብራት ሳናበራ የማናይበት ሰዓት ደርሷል። ኡያንጋ ከፊት ናት። ወንዙን አሻገረችን፣ ቆመች፣ ወደ ግራ አለች፣ ተመለሰች። መሬቱ አዲስ የተቆፈረበት ቦታ አለፍን። አዳኙ ጎንበስ ብሎ አሸተተና ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። ከፊቴ የልጅቷን ትንፋሽ እሰማ ነበር፣ የሚያሳድዳት እንዳለ ሁሉ።

«ያ ነው» አለች በመጨረሻ።

ኩማጋይ መብራቱን አበራበት። ግዙፉ ዛፍ ቆሟል። ሥሩ ላይ ማይታኬው ተደራርቦ፣ ጥቁር ግራጫ ሆኖ፣ እቅፍ ሙሉ እንደገና ወጥቷል። ቢላዋ አልነካውም። ዙሪያው ያለው ቅጠል አልተረገጠም።

ኡያንጋ ቆማ ታየዋለች። «ገና አልደረሱም ማለት ነው» አለች። «መንገድ ላይ ናቸው ማለት ነው።»

ኩማጋይ እሷን ላለማየት መብራቱን ወደ መሬት አደረገ። «ልጄ» አላት፣ «ይህን ዛፍ እኮ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል። እኔም በየዓመቱ እቆርጥበታለሁ። ዘንድሮ ድቡን ፈርተን ነው የቀረነው። የሽማግሌው ዋናው ዛፍ ሌላ ነው፤ የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም።»

እሷ ስማቸውን ጠራች፣ አንዴ፣ ቀጥሎ ደጋግማ፣ ድምፅዋ እስኪሰልል ድረስ። ተራራው ምንም አልመለሰላትም። አዳኙ እንውረድ አለ። እጇን ይዤ አወረድኳት።

ሞተው የተገኙት ከቀናት በኋላ፣ ልጃቸው ከከተማ መጥቶ፣ ሄሊኮፕተር ተጠርቶ፣ በወንዙ ማዶ ባለው ሸንተረር ነው። ድብ አልነካቸውም። ገደል ላይ አዳልጧቸው እግራቸው ተሰብሯል። አጠገባቸው የተቆረጠ እንጉዳይ የሞላ ቅርጫት ነበር፣ ቃጭላቸው ውስጥ ሣር ተጠቅጥቋል። ትንሽ እሳትም አንድደው ነበር። ሐኪሙ የመጀመሪያውን ሌሊት በሕይወት ሳያሳልፉ አልቀሩም አለ። ይህን ለልጅቷ ባይነገራት ደስ ባለኝ፤ በትንሽ መንደር ግን የማይሰማ ነገር የለም።

ከቀብሩ በኋላ ኩሽናዬ ውስጥ ሳህን እያጠበች ሳለ ውኃውን ዘጋችው።

«እትዬ ሚቺዮ፣ ገና ከአውቶቡስ እንደወረድኩ ብናገር ኖሮ ይተርፉ ነበር?»

ለሐዘንተኛ መዋሸት አልችልበትም፤ ዘመዶቼም በዚህ ይጠሉኛል። ይህ ግን መዋሸት የማያስፈልገው መስሎኝ ነበር፣ እንደ መልካም ዜና ነው የነገርኳት።

«አይተርፉም» አልኳት። «ያኔ ብትናገሪም ወደዚያው ዛፍ ነበር የምትወስጂን። ጥፋት የለብሽም። ዋናውን ቦታ ላንቺም አልነገሩሽም።»

ኡያንጋ ትንሿን ጣቷን አየች። ሳህኑን አነሳች፣ መልሳ አስቀመጠችው።

«ጥፋተኛ ብሆን ይሻለኝ ነበር» አለች።