ጡሩምባ ሲነፋ ያልተነሳችው

አክስቴ የምትኖረው ከማዕድን ማውጫው ወደ ባቡር ጣቢያው በሚወስደው ጥርጊያ መንገድ ዳር ነው። ልብስ አጣቢ ናት፤ የኩባንያውን የእንግዳ ማረፊያ አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የምታጥበውም እሷ ናት። ነጭ ጨርቅ ፀሐይ ላይ ስትዘረጋ ሰማይ ወደ ግቢዋ ዝቅ ያለ ይመስለኛል። እስከ ዛሬ አልለመድኩትም።

በዚያ መንገድ የአጣቢዎች ሕግ አለ። ማዕድን የጫኑ መኪኖች ኮረብታው ጥምዝ ላይ ሲደርሱ ሾፌሮቹ ጡሩምባ ይነፋሉ። ማንም አላዘዛቸውም፤ ለአጣቢዎቹ አዝነው ነው። ያኔ ሴቱ ሁሉ የያዘውን ጥሎ ወደ ገመዱ ይሮጣል፣ ልብሱን ሰብስቦ ቤት ያስገባል። ከኋላው ቀይ አቧራ ይደርሳል። አቧራው ሲሰክን ልብሱ እንደገና ገመዱ ላይ ይሰጣል።

ኩባንያው መንገዱን ጠዋትና ማታ በቦቴ ውሃ ሊያረጥብ ቃል ገብቶ ነበር። ቦቴው ብቅ የሚለው ግን እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ቃሉን የሰጠው የሕዝብ ግንኙነት ኃላፊው ነው፤ በሄደበት ሁሉ ሪባን ስለሚያስቆርጥ ሰፈሩ «ሪባን» ይለዋል።

አንድ ጠዋት ሪባን የጠረጴዛ ልብስ አስጭኖ መጣ።

«እትዬ፣ ነገ ለአካባቢው የሠራነውን የሚያዩ ትልልቅ እንግዶች አሉብን። በረዶ አስመስለው ይጠቡልኝ!»

«ቦቴውስ?»

«ነገ ይመጣል!»

«ነገማ ለእንግዶቹ ነው። እኔ ዛሬም እተነፍሳለሁ እኮ።»

«አይ እትዬ! እርስዎ ደግሞ ነገር አያጡም» ብሎ እየሳቀ ሄደ።

በረዶ አስመስላ አጠበች። ገመዱ ላይ አስጥታ በሯ ደፍ ላይ ተቀመጠች። ጡሩምባው ተነፋ።

«ኧረ ልብሱ! ልብሱ!» ጎረቤቷ የራሷን እጥበት ታቅፋ ጮኸች። «አንቺ ሴትዮ፣ ጆሮሽ ተደፈነ?»

«ሰምቻለሁ።»

«ጉሮሮሽን በገዛ እጅሽ አትዝጊ!»

«ጉሮሮዬንማ አቧራው ዘግቶታል። ስደብቅላቸው ኖሬያለሁ፤ ዛሬ ይዩት።»

እኔ ልሮጥ ስነሳ ቀሚሴን ይዛ አስቀመጠችኝ። አቧራው መጣ፣ በረዶው ጡብ መሰለ። ከዚያ ሳታራግፍ በካውያ ተኩሳ፣ ጠርዙን ከጠርዝ አግጥማ አጠፈችው። አቧራ እንዲህ በክብር ታጥፎ አይቼ አላውቅም።

በማግስቱ ቦቴው ስላራሰው መንገዱ አንጸባረቀ። ጨርቁን ይዘን በገባንበት የእንግዳ ማረፊያው አዳራሽ ውስጥ ግን ጠረጴዛው ሁሉ ቀይ ነበር፤ ሌላ የሚለውጡት ጨርቅ አልነበረም።

«ምን ጉድ ሠሩኝ?» አለ ሪባን በሹክሹክታ።

«እኔ ቅንጣት አልጨመርኩም» አለች አክስቴ፣ አዳራሹ ሁሉ እስኪሰማት። «የመንገዳችሁ ነው። የትናንቱ መንገድ!»

አንዲት እንግዳ ጣታቸውን ጨርቁ ላይ አሻሹ፤ አዩት። ከዚያ በመስኮት እርጥቡን መንገድ አዩ። ማንም ሪባን አልቆረጠም።

አክስቴ ከሥራ ተባረረች። አንሶላው ወደ ጎረቤቷ ተላከ። ያቺ ስለ ጉሮሮ የጮኸችው ሴት በሯን ገርበብ አድርጋ «እኔም ጆሮዬ ተደፍኗል» አለች። ከሌሎቹ አጣቢዎችም በር እንዲሁ ተመለሰ።

በመጨረሻ ሪባን ራሱ ጥቅሉን ተሸክሞ አክስቴ ደጅ ቆመ።

«እትዬ፣ እንታረቅ። ዋጋም እንጨምራለን።»

አልተነሳችም። በአገጯ መንገዱን አሳየችው። «መጀመሪያ እሱን እጠቡ። አንሶላው ይደርሳል።»

ሊመልስላት አፉን ሲከፍት ጥምዙ ላይ ጡሩምባ ተነፋ። በሰፈሩ የተነሳ ሰው አልነበረም። ነጭ ሸሚዝ የለበሰው ሪባን ብቻ፣ ጥቅሉን ጥሎ፣ ወደ መኪናው ሮጠ።