ቀለማቸው ያልለቀቀ ኮራሎች

ባሕር በሌለው አገር ተወልጄ የኮራል ጤና ማጥናቴ ሆሳዕና ላሉት ዘመዶቼ ሁሌም ግራ ነው። ከሁሉም አጥብቃ የምትጠይቀኝ አንጋጫ ያለችው አክስቴ ናት። ጡረታ የወጣች አስተማሪ ስትሆን፣ እናቴ ከሞተች በኋላ ያሳደገችኝም እሷ ናት።

አምና ከምማርበት አገር ለእረፍት ስመጣ ሐሳቤ ላብራቶሪ ቀርቶ ነበር። ውኃቸውን በጥቂቱ እያሞቅን የምንከታተላቸው ኮራሎች ነበሩኝ። ለዓይን ደህና ናቸው፤ ቡናማ ቀለማቸው አልለቀቀም። ልነሳ ስል የደረሰኝ ውጤት ግን ያጠራቀሙት ስብ እያለቀ መሆኑን አሳየኝ።

ማታ እራት በልተን እንደጨረስን አክስቴ ጀመረች።

«እስቲ አስረጂኝ። ኮራል ድንጋይ ነው እንስሳ?»

«እንስሳ ነው። ድንጋዩ ራሱ የሚሠራው ቤቱ ነው። ሰውነቱ ውስጥ የሚኖር አልጌ የሚባል ደቃቅ ተክል መሰል ፍጡር አለ፤ በፀሐይ ብርሃን ስኳር እየሠራ ይመግበዋል። ባሕሩ ሲሞቅ አልጌው ይወጣል። ያኔ ኮራሉ ነጭ ይሆንና ይራባል።»

«ነጭ ሲሆን ታያላችኋ።»

«ያን ጊዜማ ረፍዷል። እኛ ቀድመን ለማወቅ ነው የምንደክመው። በውስጡ ያለውን ስኳር፣ ስብ፣ ሌላም ጥቃቅን ነገር በመሣሪያ እንለካለን። ሜታቦሊክ ፕሮፋይሊንግ ይባላል።»

«ከውስጡ እንዴት ታወጡታላችሁ?»

«ትንሽ ቁራሽ ወስደን፣ ወዲያው አቀዝቅዘን እንፈጨዋለን።»

«ትገድሉታላችሁ ማለት ነው።»

«ቁራሹን፣ አዎ። ዋናው ይተርፋል፤ ቁስሉም ይድናል።»

«ያሳዝናል» አለች።

እኔንም ያሳዝነኛል። በቆረጥኩ ቁጥር እጄ ይከብደኛል። ይህን ለጥናት አማካሪዬ ተናግሬ አላውቅም፤ ለእሷ ነገርኳት።

ስናወራ ደጋግማ እየተነሳች ውኃ ትጠጣ ነበር። መክሳቷን የደረስኩ ዕለት አይቻለሁ፤ ልናገር ግን አልደፈርኩም ነበር።

«ተመርምረሻል?» አልኳት።

«ምን ሆኜ? እርጅና ነው።»

«የእኔ ኮራሎችም ሲያዩዋቸው ምንም አልሆኑም።»

ሳቀች። «እኔንም ልትፈጪኝ ነው?»

«ከጣትሽ አንድ ጠብታ ደም ብቻ።»

በማግስቱ ሆሳዕና ወስጄ አስመረመርኳት። ስኳሯ በጣም ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሙ ዓይኗና ኩላሊቷ ገና እንዳልተጎዱ፣ መድኃኒት ከጀመረችና ምግቧን ካስተካከለች ጥሩ እንደምትሆን በትዕግሥት አስረዳት። እሺ፣ እሺ እያለች ሰማችው። ወጥተን ሚኒባስ ስንጠብቅ ግን እጄን ያዘች። ልጅ ሳለሁ ትምህርት ቤት ስታደርሰኝ እንኳ እንደዚያ አጥብቃ ይዛኝ አታውቅም። አንጋጫ እስክንደርስ አለቀቀችኝም።

ጉዞዬን አራዝሜ አብሬያት ሰነበትኩ። ላብራቶሪ ያለችው ጓደኛዬም ስደውልላት የኮራሎቼን ውኃ መልሳ አቀዘቀዘችልኝ። ስመለስ አብዛኞቹ ስባቸውን መልሰው ማጠራቀም ጀምረው ነበር። ጥቂቶቹ ነጭ ሆነው ሞቱ፤ ለምን እነሱ ብቻ እንደሆኑ ዛሬም አላወቅንም።

አክስቴ መድኃኒቷን ትወስዳለች፤ ቤተ ክርስቲያንም በእግሯ ደርሳ ትመለሳለች። ስኳሯ አንዳንድ ቀን ይወርዳል፣ አንዳንድ ቀን ይወጣል። የወጣ ቀን ስልክ አታነሳም። ጎረቤቷ ጋ እደውላለሁ፤ «ደህና ነኝ በይልኝ» የሚለው የአክስቴ ድምፅ ከወዲያ ይሰማኛል።