የማዳም ሳልማ ወንበር

ቤይሩት አጠገብ አንጠልያስ፣ ተቀጥሬ ከምሠራበት ቤት በላይ ፎቅ ማዳም ሳልማ የምትባል ጎረቤት አለችን። ከልጅነቷ የምትወደው የዘፈን ቲያትር ዘንድሮ ፊልም ሆኖ ወጣ። «ቲያትሩን አበላሽተውታል፤ ፊልሙን ያየ ሰው ቤቴ እንዳይደርስ» ብላ ከበረንዳዋ ለሰፈሩ አወጀች። አሠሪዬ ማዳሜ ደግሞ ፊልሙ አማራት፤ ሳልማ እንዳትቀየማት ግን ፈራች። ኸላስ፣ በቃ፣ እኔን አስከትላ ተደብቀን ሲኒማ ቤት ሄድን።

ከፊታችን ሻርፕ የተከናነበች ሴት ዘፈኑን ሁሉ አንድ ሳታስቀር አብራ ታንጎራጉራለች። ፊልሙ ላይ ሙሽራዋ ስትወጣ እኔ ሲኒማ ቤት መሆኔን ረሳሁና እልል አልኩ። ማዳሜ ቆነጠጠችኝ። ሴትዮዋ ግን እልልታዬን ተቀብላ አቀለጠችውና ዞረች። ሳልማ ናት።

«እኔ እንኳን የመጣሁት ማን ማን እንደመጣ ለማየት ነው» አለችን ኮስተር ብላ።

ማዳሜ አንገቷን ደፋች። ፊልሙ አልቆ መብራት ሲበራ ትኬት ቆራጩ ወደኛ መጣ።

«ማዳም ሳልማ፣ ነገም ይቺኑ ወንበር ልያዝልዎ?»